ጉድጓዱ እስኪከደን

— ሄሎ... ሄሎ? ቆይ፣ ቆይ አንዴ... ሩፋይዳ፣ ገልብጠሽ ነው የያዝሽው። ወደ ጆሮዬ አስጠጊው... እህ፣ አሁን። ሄሎ? ማን ልበል?

— ይታገሱ? ወይኔ ወንድሜ... ደህና ነኝ። ደህና ነኝ እኮ ነው የምልህ። ምንም አልሆንኩም።

— አልዘጋሁትም፤ ባትሪው ነው የዘጋው። እዚህ መብራት የለም፣ አሁን ገና ነው በመኪና ያስሞላሁት።

— ማን? እሷ ሩፋይዳ ትባላለች። ስልኩን ይዛልኝ ነው... በእጄማ እንዴት ልያዝ፤ ሁለቱም እጄ እስከ ክርኔ ቆጮ ነው።

— ቆጮ። ቆጮ አልኩህ... አይ፣ እየበላሁ አይደለም። ብበላማ በምን ዕድሌ።

— አዲስ አበባ አይደለሁም... አዎ፣ አክስቴ ቤት ነኝ ብዬ ጽፌልሃለሁ። ዋሽቻለሁ፣ በቃ። ስትጮህ መስመሩ ይቆራረጣል ይታገሱ፣ ቀስ ብለህ ተቆጣ።

— የምን ቪዲዮ? ... ቲክቶክ ላይ? ሩፋይዳ፣ የአገናን ገበያ ለቀሽዋል እንዴ? ... ለቃዋለች። አዎ፣ ባለ ቢጫ ሻርፗ እኔ ነኝ። ማን አሳየህ?

— ሽባባው? ነገ ሽማግሌ የሚልክብኝ ሰው ዛሬ ቲክቶክ ላይ ምን ይሠራል? ወልቂጤ ላይ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ነጋዴ አይደል እንዴ? ... እሺ እሺ፣ አልቀለድኩም።

— አውቃለሁ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቡታጅራ፣ እኛ ቤት። መርሳት? አንድ ወር ሙሉ እዚያ ቤት ሌላ ወሬ አለ? ሳህን ስናጥብ ሽባባው፣ ቡና ስንጠጣ ሽባባው፣ ድመቷ እንኳ ስሙን ለምዳለች።

— ከጓደኞቼ ጋር ነኝ... አታውቃቸውም። እኔም ገና ነው ያወቅኳቸው... ኧረ ተው፣ መንገድ ላይ የወደቀ ነገር አነሳሽ አትበለኝ፤ ሰዎች ናቸው። ቆይ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አለዚያ ሁሉም ይደባለቅብሃል። እጄ ሥራ ላይ ነው፣ አፌ ግን ነፃ ነው።

— ለነገ የምለብሰውን ቀሚስ ገዝቼ ከአዲስ አበባ እየተመለስኩ ነበር። ቡኢን አለፍ እንዳልን የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ «ስኮርታ ጎማ አለን፣ አትነሱ» አለ፤ አወጣው፤ እሱም ተንፍሷል። ሰው ሁሉ ወርዶ መንገድ ዳር ተኮለኮለ። አንዱ ይሳደባል፣ አንዷ ልጅ ታጠባለች፣ እኔ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ታውቀኛለህ፣ መቆም አልችልም። አንዲት ያረጀች ዲኤክስ መኪና መጥታ አጠገቤ ቀጥ አለች። ጣሪያዋ ላይ ቦርሳ፣ ድንኳን፣ ጀሪካን ታስሮባት ቤት የለቀቀ ሰው ጓዝ ትመስላለች። ራምዚና ሩፋይዳ ናቸው፣ የወልቂጤ ልጆች።

— እህትና ወንድም ናቸው። አዎ፣ የአንድ እናት ልጆች። ይኸው፣ ተንፍስ። እኔም በዚያ አምኜ ነው የገባሁት... እሱ መኪና ውስጥ ነው የሚያድረው፣ እኛ ሴቶቹ ድንኳን ውስጥ።

— ሥራማ አላቸው። እሷ አስተማሪ ናት፣ እሱ ጋራዥ አለው። የጉራጌን አገር ከዳር እስከ ዳር እናያለን ብለው ነው የወጡት። መንገድ እስካለ በመኪና፤ መንገዱ ሲያልቅ መኪናዋን ሰው ደጅ ያቆሙና ቦርሳ አዝለው በእግር። እንዲሁ። ለምን ብዬም ጠይቄ ነበር፤ ራምዚ «የሰው መኪና ስጠግን ሁሉም ከየት እንደመጣ ይነግረኛል፣ እኔ ግን አንዱንም ቦታ አላውቀውም» አለኝ። አይበቃም?

— እና ቡታጅራ ደረስን። ራምዚ ዞር ብሎ «እዚህ ነው የምትወርጂው?» አለኝ። መድኃኒት ቤቱ ታየኝ። ያ ባንኮኒ ታየኝ፤ ከኋላው ቆሜ ለሰው ሁሉ «ከምግብ በኋላ» ስል የምውልበት። «ትንሽ ወደ ፊት» አልኩት። መናኸሪያው ጋ ደግሞ ቀዝቀዝ አደረገልኝ። «ትንሽ ወደ ፊት» አልኩት። ከተማው አለቀ። ሩፋይዳ ሳቀች። እሱ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም።

— ማንም አልጠለፈኝም ይታገሱ። ምላሴ ነው የጠለፈኝ።

— ምን ይሰማሽ ነበር ነው የምትለው? ... ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ተራራውን በእግር ወጣን፣ ጭጋግ ውስጥ ገባን፣ ሩፋይዳ ከፊቴ እየሄደች አትታየኝም፣ ድምጿን ብቻ ነው የምከተለው። ሳቅኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ግን አንድ ቦታ ደርሰን ሳንቀመጥ «ቀጥሎ የት ነው?» የምለው እኔ ነኝ። አገና ገበያ ገባን፤ እነሱ ድንች ይገዛሉ፣ እኔ መኪናው በር ላይ ቆሜያለሁ። ራምዚ «ይቺ ልጅ ፍሬን የላትም» ይለኛል። መካኒክ ሲልህ ደግሞ ያስፈራል።

— ማ... ቆይ። ራምዚ፣ ጥሩምባውን ተው፣ ስልክ ላይ ነኝ! ... እሱ ነው። ዝናብ መንገዱን ሳያበላሸው እንውጣ ነው የሚለው። ከዚህ ወደ ጊቤ ሊወርዱ ነው፣ ከዚያም ወዲያ።

— እኔ? ... አብሬያቸው ልሄድ ነበር። አዎ። ነገ እንደሆነ እያወቅኩ። ዝም ብለህ ስማኝ፣ ነበር ነው ያልኩህ።

— ያለሁበት? ከአገና ወደ እምድብር ስትመጣ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። እማማ ወለተ ሐና የሚባሉ እናት ጓሮ ውስጥ ነኝ። ትናንት ሊመሽ ሲል ደረስን። እሳቸው ደግ ናቸው፤ «ድንኳናችሁን ከቤቱ ፊት፣ ጀፎረው ላይ ትከሉ» ብለውን ገቡ፤ ያ ሰፊው ባለ ሣር የመንደር መንገድ ነው። እኔ ነኝ አጉል አዋቂ የሆንኩት። ሣሩ እርጥብ ነው፣ ከብት ያልፍበታል፣ ነፋስ አለው፣ አልኩ። «እኔ የጉራጌ ልጅ ነኝ፣ እንሰት ለእኔ ቤቴ ነው፣ ተከተሉኝ» አልኳቸው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት እኔን ነው።

— ወደ ጓሮ ዞርን። እንሰቱ መሐል ኮባ የተነጠፈበት ቦታ አገኘሁ። ደረቅ፣ ደልዳላ፣ ፍራሽ በለው። ላዩ ላይ ድንጋይ ተቆልሏል። «ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ ነው» ብዬ አስረዳኋቸው። አስረዳኋቸው እኮ ነው የምልህ። ድንጋዩን አነሳን። ካስማውን ራሴ መታሁት፣ ሩፋይዳ ባትሪ እያበራችልኝ። መሬቱ ሲቀበል ቅቤ ነው። ምን ዓይነት ለም አገር ነው ብዬ አደነቅኩ።

— ... ገባህ አይደል? ... ሳቅ። ሳቅ፣ እስኪበቃህ ሳቅ። የቆጮ ጉድጓድ ላይ ነው የተኛሁት።

— አንተስ አይተህ ታውቃለህ? እኛ ቆጮ የምናውቀው ክትፎ አጠገብ ሲቀመጥ ነው። እንደሚቀበር እናውቃለን፤ የት፣ እንዴት፣ በምን እንደሚከደን ማን ነገረን? አየር እንዳይገባው ነው ለካ ያ ሁሉ ድንጋይ። ሌሊት ዝናብ ወረደ፤ እኔ በካስማ በበሳሁት ቀዳዳ ሁሉ ውሃው ገባ። ጠዋት የቀሰቀሰን ሽታው ነው። ሩፋይዳ የእኔን ካልሲ ነበር የጠረጠረችው... አትሳቂ፣ ስልኩ ይወድቃል። ራምዚ ሊቀሰቅሰን ሲመጣ አንድ እግሩ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ።

— እሳቸው? አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። መጡ፣ ድንጋዩን አዩ፣ ካስማውን አዩ። «ማነው የመታው?» አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የደበሌ ልጅ፣ ከቡታጅራ፣ አልኩ። «ጉራጌ ሆነሽ?» አሉኝ። ይቺን ብቻ ነው ያሉኝ ይታገሱ። እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች።

— ለመስቀል ነው ያስቀመጡት። ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ሲገቡ የሚበሉት። የቆየ ነው፤ ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው። አሁን እርጥበት የነካውን እየለየን፣ ደህናውን እየጨመቅን፣ ወደ አዲስ ጉድጓድ እናዛውራለን። የጎረቤት ሴቶች በሙሉ ተጠርተው መጥተዋል፣ ደቦ ሆኗል። ሲያዩኝ በቋንቋቸው አንድ ነገር ይሉና ይስቃሉ። ግማሹ ይገባኛል። ያልገባኝ ግማሹ ይብሳል መሰለኝ።

— ይቅርታማ ጠየቅን። የአካባቢው ሽማግሌዎች ተጠርተው ዛፍ ሥር ተቀመጡ... አዎ፣ እዚህም ሽማግሌ። ከሽማግሌ ሸሽቼ ሽማግሌ እጅ ወደቅኩ፣ ከድጡ ወደ ማጡ። ራምዚ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ አንደኛው ያዙት። «ቆጮ ገበያ ይገኛል። ካስማውን የመታ እጅ ግን ድንጋዩን ይመልስ» አሉ። አለቀ። ስለዚህ የመታው እጅ ይኸው እየመለሰ ነው። ሽማግሌ አክብሪ ስትለኝ አልነበር? አከበርኩልህ።

— ራምዚማ እንዳይጠጋ ተከለከለ፤ ወንድ ነው። ሴቶች ቆጮ ሲሠሩ ወንድ ወደ ጉድጓዱ ዝር አይልም፣ ነውር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ድንጋይ ያቀብል ተብሏል። ሁለት አቀብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። እሱም እንደኔ ነው፣ አያስችለውም።

— ቆይ፣ እማማ እየጠሩኝ ነው... አቤት እማማ? ... እሺ፣ አጥፌ ነው የማነጥፈው? ... ገባኝ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ። እሺ... ኮባውን አጣጥፌ በማንጠፍ ላይ ነኝ። አንዱ ከተቀደደ እንደገና ነው።

— ይታገሱ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ለአባዬ ንገረው፣ ነገ ሲመጡ ቀጠሮ ይስጣቸው። «ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ኑ» ይበላቸው። ያለ ወግ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤት የት አለ? ማንም አይቀየምም... ይታገሱ?

— ሄሎ? ትሰማኛለህ?

— «አልቋል» ማለት ምን ማለት ነው?

— በስልክ? ... አባዬ በስልክ እሺ ብሏቸዋል? ሽማግሌዎቹ ገና ሳይመጡ?

— አለሁ። አልተዘጋም፣ አለሁ... ሩፋይዳ፣ እጅሽ ዝሏል፣ በሌላው ያዢው።

— እና ነገ ምን ሊጠይቁ ነው የሚመጡት? ... ለወጉ። እሺ፣ ለወጉ። ማን ጠየቀኝ ይታገሱ? እስቲ አንድ ሰው ጥራልኝ። እማዬ ቀሚስ ግዢ አለችኝ። አንተ ፀጉርሽን ተሠሪ አልከኝ። አባዬ ልጄ ታደለች አለ። ትፈልጊያለሽ ወይ ያለኝ ማነው?

— ዝም ስላልኩ? ዝም ያልኩትማ ምን እንደምል ስላላወቅኩ ነው።

— አልጠላውም። ሽባባው ጨዋ ሰው ነው፣ ማንም ክፉ አይለውም። ሁለቴ ሻይ ጠጥተናል። ስለ ቤቱ ነገረኝ፤ ሳሎኑ፣ ቴሌቪዥኑ የሚሰቀልበት ግድግዳ፣ ሶፋው በየት በኩል እንደሚዞር። እሱ ስለ ግድግዳው ሲያወራ እኔ በሩን ነበር የማየው። ትንፋሽ ያጥረኛል ይታገሱ። ከቡታጅራው ባንኮኒ ወደ ወልቂጤው ሶፋ ልዛወር ነው፣ በቃ። እፈራለሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ ላንተ የመጀመሪያ ነው፣ እሱንም ጆሮዬ ላይ ስልክ የያዘች ልጅ እየሰማች።

— ... አታልቅሺ አንቺ ደግሞ። ቆጮው ላይ ነው የምታለቅሺው... እሷን ነው፣ አንተን አይደለም።

— ነገ አልመጣም አላልኩም። ዛሬ ተነስቼ መምጣት አልችልም ነው ያልኩህ። የተከፈተ ጉድጓድ ሳይከደን አያድርም፤ እንኳን ሊያድር ፀሐይም እንዲነካው አይፈልጉም...

— ማን ሊወስደኝ? ... ሽባባው? የት ደርሷል?

— አንተ ነህ የነገርከው? ... የቤቱም ቪዲዮ አለ? ሩፋይዳ፣ የእማማንም ቤት ለቀሽዋል? ... ጠዋት። ድንኳኑን ከነ ጉድጓዱ። ሰው ሁሉ እየሳቀብን ነዋ። እሺ፣ እና አሁን እምድብርን አልፏል?

— እቃ ነኝ እንዴ የምወሰደው? ... ተጨንቆ ነው፣ ገባኝ። ሁላችሁም ተጨንቃችሁ ነው።

— ቆይ... ሰማኸው? ራምዚ ነው፣ ሞተሩን አስነሳ። ሩፋይዳ ነገረችው... «ሳይደርስ እንውጣ፣ ነይ» ትለኛለች። በጓሮ በኩል መውጫ አለ። እጄን ሳልታጠብ ብነሳ፣ ሳይመሽ ጊቤ ነኝ። ምን ልዋሽህ፣ እግሬ ተነሺ ተነሺ እያለኝ ነው። ጉልበቴ ቀድሞኝ ተነስቷል።

— አለሁ... እማማ ቀና ብለው እያዩኝ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እጄን እንጂ ፊቴን አላዩትም ነበር። ሞተሩ ሲነሳ አዩኝ። ምን እንደምሆን አስቀድመው ያወቁ ይመስላሉ።

— አይ። ሩፋይዳ፣ ሞተሩን አጥፋ በይው... አጥፋ በይው፣ አልሄድም። እናንተ ሂዱ፣ የዕረፍት ቀናችሁ ያልቃል... ምን አለ? ድንኳኑን ከጣሪያው ላይ እያወረደው ነው? ... «ወላሂ፣ ፍሬን የሌላትን ልጅ ቁልቁለት ላይ ጥዬ አልሄድም» ይላል። እሺ። ጀፎረው ላይ ይትከለው በይው። ጀፎረው ላይ ብቻ።

— ይኸውልህ መንገድ ላይ ያነሳኋቸው።

— ላንተ ብዬ አይደለም የቀረሁት። ለእሱም ብዬ አይደለም። ሲሚንቶውም ቲክቶኩም ይቅርብኝ... ይምጣ። ይምጣ አልኩህ። ግን ወደዚህ አይገባም፣ ወንድ ነው... እጮኛም ቢሆን፣ አባትም ቢሆን። አባዬ ራሱ ቢመጣ እዚያ ነው የሚቆመው። ጉድጓዱ እስኪከደን ይጠብቀኛል። አንድ ቀን እንኳ ጠብቆኝ አያውቅም፤ ሁልጊዜ እኔ ነኝ በሰዓቱ የምቀርበው።

— ምን ልትዪው ነው ብለህ አሁን ትጠይቀኛለህ? ... አሁን ጠየቅከኝ። እንዲህ ነበር መጠየቅ። እሺ፣ ልንገርህ። እምቢ ነው የምለው። እስካሁን በእግሬ ነው እምቢ ያልኩት፤ ቡታጅራን አልፌ፣ ተራራውን ወጥቼ፣ ጊቤ ልወርድ ነበር። በእግር እምቢ ማለት ማለቂያ የለውም ይታገሱ፣ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ፊት ነው። ዛሬ ፊት ለፊት ቆሜ በአፌ እለዋለሁ። በክብሩ፣ ሳልሰድበው። ሲሰማ ያዝናል። እኔም አዝናለሁ።

— የአባዬ ቃልስ? ... አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ አንገቱን ይደፋል። ግን ካስማውን የመታ እጅ ድንጋዩን ይመልስ፤ ቃሉን የሰጠው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ብቻውን አልተወውም። ነገ እመጣለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ አጠገቡ እቆማለሁ፣ በአዲሱ ቀሚስ። እሱ የሚለው ከጠፋው እኔ እላቸዋለሁ።

— ንገረው። ወይም አትንገረው፣ እኔ እነግረዋለሁ... አታልቅስ አንተ ደግሞ፣ ዛሬ ምን ነካችሁ?

— ቆይ፣ መኪና ቆመ... ሩፋይዳ፣ ማነው? ... ነጭ ሸሚዝ? ... እሱ ነው። መጥቷል ይታገሱ።

— ደንግጫለሁ። ኮባውን አጥብቄ ይዤው ሊቀደድ ነው።

— አቤት እማማ? ... እንግዳ ነው። እኔን ፈልጎ ነው... አዎ፣ ወንድ ነው... እ? ... እሺ እማማ፣ ይነገረዋል።

— ምን አሉ? «ባዶ እጁን አይቁም፣ ከአጥሩ ሆኖ ድንጋይ ያቀብል» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «የደበሌ ልጅ፣ ወሬውን ጨርሺና የመክደኛውን ኮባ ጠርዝ ያዢልኝ» አሉኝ። ጠርዙን ለእኔ ነው የሰጡኝ ይታገሱ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለማንም አልለቀቁትም ነበር።

— በል ደህና ሁን። እማዬን ሳምልኝ... አልሸሽም። ወደ የት እሸሻለሁ፣ ሁለቱም እጄ ተይዟል። ሩፋይዳ፣ ለሽባባው ያንን ትልቁን ድንጋይ አሳዪው። በዝግታ ያምጣው በይው፣ አልቸኩልም።

— ዝጊው።